ማኅተም የሌለበት ፎቶ

የእማማ ዘርፌን መሞት የነገረኝ አቶ ፍሬው ነው። ጠዋት ዊንጌት ላይ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ ሳለሁ ደወለ። "ምስራቅ፣ እማማ ዘርፌ አርፈዋል" አለኝ። "እንዴ!" ብዬ እንኳ ሳልጨርስ፣ "ፎቶ አለሽ?" ሲል ጠየቀኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን "ይሄ ሰውዬ አንጀት የለውም" ይለው ነበር። እኔ አልተቀየምኩትም። እማማ ዘርፌ ራሳቸው ከሞት ተነሥተው ስልክ ቢደውሉልኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነበርና።

"አለኝ" አልኩት።

"ግዴለም፣ እኔ ያንን የታወቀውን በትልቁ ባነር አሠርቼዋለሁ፤ እየደረሰ ነው። ሕዝብ የሚያውቃቸው በሱ ነው።"

"አቶ ፍሬው፣ በፈጠረዎት፣ እሱን እንዳይሰቅሉት!" ብዬ ስጮህ ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። "ወራጅ አለ!" ብዬ ወረድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ድንኳን ላይ ሊሰቀሉ የሚችሉ የእማማ ዘርፌ ፎቶዎች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱን አገር ያውቀዋል። ሌላው እኔ ስልክ ውስጥ ነው። እሳቸው ሞትን ከፈሩት ይልቅ አብዝተው የፈሩት፣ በለቅሷቸው ቀን የማይሆነው ፎቶ እንዳይሰቀል ነበር።

ከእሳቸው ጋር ስንተዋወቅ የምሠራው ሽሮ ሜዳ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ምሳ በሚያበላ አንድ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ነበር። የተቀጠርኩት በትምህርቴ አይደለም፤ ስልኬ ጥሩ ካሜራ ስላለው ነው። የሥራ መደቤ ስም ረጅም ቢሆንም ሥራው አጭር ነበር፤ አረጋውያኑን ፎቶ እያነሳሁ ማኅበሩ ኢንስታ ላይ በከፈተው ገጽ እለጥፋለሁ። ውጭ አገር ያሉት ረጂዎቻችን ሪፖርት ማንበብ ትተው ፎቶ ማየት ጀምረው ነበር። ገጹ ካላማረ ምሳው እንደሚቀር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍሬው በየስብሰባው ይነግረናል። አቶ ፍሬው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥልጠና የበዛበት ሰው ነው።

እማማ ዘርፌ ከተመጋቢዎቹ አንዷ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ጥጥ ፈታይ ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ፊታቸው በሙሉ መስመር ብቻ የሆነ፣ እንዝርት ከእጃቸው የማይጠፋ ሴትዮ። ግቢው በር ላይ ካለው የድንጋይ መደብ ተቀምጠው እየፈተሉ፣ ጎበጥ ብሎ የሚገባውን ሁሉ "ቀና በል!" ይላሉ። ነጠላው የተዛነፈበትን ጠርተው በራሳቸው እጅ ያስተካክሉለታል። "ሰው ሲያይህ ቀና፣ እግዜር ሲያይህ ጎንበስ" የሚል አባባል ነበራቸው። አቶ ፍሬው ራሱ በሩ ጋ ሲደርስ ሳይታወቀው ደረቱን ይነፋ ነበር። ልጅም ዘመድም የላቸውም። ያላቸው እድርና ምላስ ብቻ ነው።

የፎቶ ነገር የገባቸው በእማማ ብርቄ ለቅሶ ምክንያት ነው። እማማ ብርቄ እዚያው ምሳ ይበሉ የነበሩ አሮጊት ነበሩ። ሲሞቱ ድንኳን ላይ የሚሰቀል ፎቶ ቢፈለግ፣ ቢፈለግ፣ ጠፋ። በመጨረሻ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ በትልቁ ታትማ ተሰቀለች። ጉርዷ ላይ የነበረው ክብ ማኅተም አብሮ ሲያድግ ግን የሟቿን ግንባርና አንድ ዓይን ሸፈነው። አልቃሹ ሁሉ በአንድ ዓይን ለሚያዩት እማማ ብርቄና ለአንድ ትልቅ ሰማያዊ ማኅተም አለቀሰ። ከጎኔ የነበሩ አንድ አዛውንት፣ "ሲኦልም ይሁን ገነት፣ ብቻ ጸድቆላታል" አሉ።

እማማ ዘርፌ አላለቀሱም። ፎቶውን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞረው፣ "አንቺ ልጅ፣ ያ ስልክሽ ማኅተም ያስቀራል?" አሉኝ።

"ኧረ አያስቀርም፣ እማማ።"

"እንግዲያው ሥራ አለብሽ" አሉ።

በዚያው ሰሞን አቶ ፍሬው የአረጋውያኑን ፎቶ በብዛት አንስቼ ገጹን እንድሞላ አዘዘኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ቆሜ፣ "ነገ ፎቶ ስለምናነሳ እንዳላችሁ ኑ" ብዬ ተናገርኩ። እንዳላችሁ ማለት ለእኔ፣ በየቀኑ እንደምትለብሱት ማለት ነው። ለእነሱ ግን ያላችሁን ሁሉ ለብሳችሁ ማለት ሆነ። የሌለው ደግሞ እማማ ዘርፌ አሉለት።

በነጋታው ግቢው የሠርግ ግቢ መሰለ። እማማ ዘርፌ ሴቶቹን ሁሉ አስከትለው በጠዋት ሐያት ሱቅ ሄደው ኖሯል። ሐያት ገበያው መግቢያ ላይ የሐበሻ ልብስ መሸጫ ያላት የሰፈራችን ነጋዴ ናት፤ እማማ ዘርፌ ለእናቷም ሲፈትሉ ስለኖሩ እምቢ ልትላቸው አትችልም። አዳዲስ ቀሚሱንና ነጠላውን ለግማሽ ቀን አዋሰቻቸው። "ወጥ እንዳይነካው! የዋጋ ወረቀቱንም እንዳትቆርጡብኝ!" ብላ አስጠንቅቃቸዋለች። ስለዚህ ሁሉም ወረቀቷን ብብታቸው ውስጥ ወትፈው፣ ክንዳቸውን ከጎናቸው አጣብቀው እንደ ወታደር ቆሙ። ጡረተኛው ሾፌር ጋሽ ታዬ በኮታቸው ላይ ከጎረቤት የተዋሱትን ከረባት አስረው መጡ። ከአንዱ ቤት ሳሎን የፕላስቲክ አበባ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሁሉም በየተራ ከአበባው አጠገብ ይቆማል፤ ማንም አይስቅም።

"ትንሽ ፈገግ በሉ እንጂ!" ብል፣ ጋሽ ታዬ ተቆጡኝ። "ልጄ፣ ይሄ እኮ የሚሰቀለው ለቅሶ ላይ ነው። በሞትኩበት ቀን ምን ያስቀኛል?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ የምሳ ማስታወቂያ አነሳለሁ ስል፣ እነሱ ለቅሷቸውን እያዘጋጁ ነበር። እማማ ዘርፌ ደግሞ ከጎኔ ቆመው የአንዱን ነጠላ ሲያስተካክሉ፣ የሌላውን አገጭ ሲያቃኑ፣ "ቀና በል! ዕድርተኛ እያየህ ነው!" ሲሉ ዋሉ። እሳቸው ግን አልተነሱም።

ፎቶዎቹን ለጠፍኳቸው። እውነቱን ለመናገር በጣም ያምሩ ነበር። ጠዋት ስነሳ ገጹ በአስተያየት ተጥለቅልቋል። "ዋው! ቀሚሱ ስንት ነው?" "ሌላ ከለር አለ?" "ነጠላው ከነቀሚሱ ነው ወይስ ለብቻ?" "ለሠርግ ትዕዛዝ ትቀበላላችሁ? ኢንቦክስ ፕሊስ።" አንድም ሰው ስለ ምሳ አልጠየቀም። የገጹ ተከታይ ግን እንደ ጉድ ጨመረ። ሐያት በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለች፣ "ያቺን ጥቁር ጥለት የለበሱትን እማማ እንደገና አንሺያቸው፣ ፈላጊ በዝቷል" ትለኝ ጀመር።

ከውጭ ረጂዎቻችንም መልስ መጣ። በአረጋውያኑ ኑሮ መሻሻል እጅግ መደሰታቸውን ገልጸው፣ ድጋፋቸውን ችግር ወዳለበት ሌላ ቦታ ለማዞር እያሰቡ እንደሆነ ጻፉ።

አቶ ፍሬው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ላቡ ጠብ እያለ፣ "ችግራችን፣ ችግር ማነሱ ነው" አለ። "ገጻችን ላይ የጉስቁልና እጥረት አለ። ያረጀ ልብስ፣ የተቀደደ ነገር፣ ስሜት የሚነካ ነገር ያስፈልገናል።"

ለመፈለግ የተላክሁት እኔ ነኝ። ያረጀ ልብስ ማግኘት ያን ያህል ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። የእኛ አረጋውያን ልብስ አሮጌ ቢሆንም ታጥቧል፣ ተጥፏል፣ ተተኩሷል። ሐያት ሱቅ ሄጄ የተቀደደ ነጠላ እንዳላት ብጠይቃት፣ "የማንን ሱቅ መሰለሽ?" ብላ አኮረፈችኝ። በመጨረሻ ሸማኔው ጋሽ አንጁሎ ዘንድ ሄድኩ። ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን አስገብተው እየሸመኑ ነበር።

"ጋሼ፣ አዲስ ሆኖ ግን ያረጀ ነጠላ ይሠሩልናል?"

መወርወሪያውን አቆሙት። ቀና ብለው አዩኝ። "አሮጌ ነጠላ እኔ አልሠራም፣ ልጄ። እሱን የሚሠራው ለባሹ ነው" አሉኝ። አፍሬ ወጣሁ።

አቶ ፍሬው ታዲያ ዓይኑን እማማ ዘርፌ ላይ ጣለ። "ያንን ፊት አየሽው?" ይለኛል። "ያ ፊት ብቻውን የዓመት ምሳ ያስገኛል! እላዩ ላይ ያቺን የተጣፈች ቀሚሳቸውን፣ በቃ!"

እሳቸው ዘንድ ሄጄ በጎን ጠየቅኳቸው።

"እማማ፣ ሁሉንም አለበሱ። እርስዎ መቼ ነው የሚነሱት?"

"ልብሴ ሲደርስ።"

"ከሐያት ይውሰዱ እንጂ።"

"በሰው ወርቅ አይደምቁም።"

"እንዴ! ይሄን ሁሉ ሰው በሰው ቀሚስ አድምቀው?"

"እነሱ ይደምቃሉ። እኔ ፈታይ ነኝ" አሉ፣ እንዝርቱን እያሾሩ። "የጉለሌ ሴት በኔ ክር ስትዳር፣ በኔ ክር ስታስቀድስ ኖራ፣ እኔ በውሰት ልሰቀል? ደግሞስ ለቅሶዬ ላይ ሐያት ብትመጣ? ፎቶዬን አይታ 'ውይ ቀሚሴ!' ብትል ማን ያፍራል? ሬሳው ነው የሚያፍረው።"

ለራሳቸው ቀሚስ የሚሆነውን ክር እየፈተሉ ነበር። ለሰው የሚፈትሉትን ጨርሰው በተረፋቸው ጊዜ ብቻ ስለሚሠሩት ነገሩ ዓመታት ፈጅቷል። ሸማኔው ጋሽ አንጁሎ ናቸው፤ ክሩ እስኪያልቅ እየጠበቁ ነው። አሁን ግን የእማማ ጣቶች እየደነዘዙ፣ ዓይናቸውም እየከዳቸው ነበር። "እኔና ክሩ እሽቅድድም ይዘናል" አሉኝ። "ቀድሜው ከሞትኩ ማኅተሙን ይለጥፉብኛል።"

አቶ ፍሬው ይህን ሁሉ ብነግረውም ተስፋ አልቆረጠም። ራሱ ስልኩን ይዞ ምሳ ሰዓት ላይ ከትልቁ ድስት ኋላ አድፍጦ ያነሳቸው ጀመር። እማማ ዘርፌ ጀርባቸውን ሰጥተው እንኳ ይሰማቸዋል። ልክ ሊያነሳ ሲል ሰሃናቸውን ብድግ አድርገው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። አንድ ሳምንት ሙሉ ያነሳው የሰሃን ፎቶ ነው። ካልሆነማ ብሎ አንዱን ለጠፈው፤ በሁለት እጅ የተያዘ የሸክላ ሰሃን፣ ከበላዩ ሻሽ። "የእናት ጾም" የሚል ርእስ ሰጠው። የመጀመሪያው አስተያየት "ሰሃኑ ስንት ነው?" የሚል ነበር።

ረጂዎቹ ወሰኑ። ችግር መኖሩን በዚያ ወር ውስጥ ካላዩ ገንዘቡን ሊያቆሙ ነው። አቶ ፍሬው ይህን ሲነግራቸው እማማ ዘርፌ መደቡ ላይ ነበሩ። አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ያን ቀን ሥልጠናው ሁሉ ጠፍቶበት ነበር።

"እማማ፣ ምሳው ሊቀር ነው። የማደርገው ጠፋኝ።"

እሳቸው ለምሳ የተሰለፈውን ሰው ተመለከቱ። እንዝርቱ ቆመ።

"በዚችው?" አሉ፣ የተጣፈችውን ቀሚሳቸውን ቆንጠጥ አድርገው።

"በዚችው፣ እማማ።"

"እሺ። ሌላው ከሚራብ እኔ ልዋረድ።"

በጣም ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም፤ በአቶ ፍሬው፣ በረጂዎቹ፣ በስልኬም ጭምር። እሳቸው ግን የተናገሩትን አያጥፉም።

በማግስቱ ወንበር ግቢው መሃል ተቀመጠ። እማማ ዘርፌ በተጣፈች ቀሚሳቸው ቁጭ አሉ። ልክ ላነሳ ስል በሩ ተከፈተና ሌሎቹ አረጋውያን ተግተልትለው ገቡ። ሁሉም ከሐያት የተዋሱትን ዘንጠው ለብሰዋል። ጋሽ ታዬ ከነከረባታቸው ከፊት ናቸው። ሄደው ከእማማ ዘርፌ ኋላ በሰልፍ ቆሙ።

"ኧረ ዞር በሉ! ለብቻቸው ነው!" አለ አቶ ፍሬው።

"ለብቻዋ አትነሳም" አሉ ጋሽ ታዬ። "ለብቻው የሚነሳ እስረኛ ነው።"

እሷ ስትዋረድ እኛ አጊጠን እንሸፍናት ብለው ነው። ሰው በአሮጌ ልብስ ብቻውን እንዲታይ መተው በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። አቶ ፍሬው ተከራከረ፣ ለመነ፤ ሲደክመው ደግሞ "ይሁን፣ የማኅበረሰብ ድጋፍ ያሳያል" አለ። አነሳሁ። እሱ ራሱ ከሥሩ ጽሑፍ ጻፈበት፦ "በዚህ ዓለም ማንም የሌላቸው እናት።"

አንባቢ እንዲያስብልኝ እፈልጋለሁ። አንዲት በተጣፈ ቀሚስ አንገታቸውን የደፉ አሮጊት፣ ከኋላቸው አዲስ በአዲስ የለበሰ አንድ ቤተሰብ የሚመስል ጉባኤ፣ ከሥሩ ደግሞ "ማንም የሌላቸው"።

አገር ተቆጣ። "እነዚህ ከኋላ የቆሙት ማን ናቸው?" "እህታቸውን አራቁተው እነሱ ዘንጠዋል! እግዜር ይይላችሁ!" "ውርሱን ተካፍለው ነው። እኔ አውቃለሁ፣ የኛም ቤት እንዲህ ሆኗል።" "ያ ከረባት ያሰረው ነው ዋናው። ፊቱን እዩት!" ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ሄዶ ሄዶ ሽሮ ሜዳ ተመልሶ ደረሰ። ጋሽ ታዬ ታክሲ ውስጥ ገብተው ሳለ አንዲት ሴትዮ ለየቻቸውና፣ "የእህቱን ቤት የበላው ይሄ ነው!" ብላ ጮኸች። ረዳቱ አወረዳቸው። "እህት የለኝም! ቤትም የለኝም!" እያሉ በእግራቸው መጡ። አንድ ጠበቃ ቦርሳውን ይዞ መጥቶ፣ የእማማ ዘርፌን ድርሻ በነፃ ሊያስከብር ማኅበሩ የተከራየውን ግቢ ይለካ ጀመር። በዚህ ሁሉ መሃል እንኳ አንዷ፣ "ከኋላ ሁለተኛዋ የለበሱት ስንት ነው?" ብላ ጠይቃለች።

ለተበደለችው እህት ተብሎ ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሽሮው ይጎርፍ ጀመር። ምሳው ተረፈ። ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ! አቶ ፍሬው ጮቤ ረገጠ።

እማማ ዘርፌ ግን በሩ ላይ ተቀምጠው ሰው ጎብጦ ሲያልፍ "ቀና በል" ማለት ተዉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አሉ። "አሁን ብሞት የሚሰቀለው እሱ ነው።"

"አይሰቀልም፣ እማማ።"

"ማርያምን በይ።"

"ማርያምን።"

ዓይኔን አዩኝና ክራቸውን አነሱ።

ረጂዎቹ ደግሞ ፎቶውን አይተው ልባቸው ተነካ። የቤተሰብ ጠብ መሆኑን ስለተረዱ "የቤተሰብ እርቅ" ለሚባል ሥራ ድጋፋቸውን እንደሚቀጥሉ ጻፉ፤ የእርቁንም ፎቶ ጠየቁ። አቶ ፍሬው፣ "ዘመዶች አይደሉም ብለን ብናስረዳ ገንዘቡ ይመለሳል" አለ። ስለዚህ ተጣልተው የማያውቁትን ሰዎች ማስታረቅ ነበረብን። ነገርን ነገር ያነሳዋል፣ ጥጥን ባዘቶ ያሳሳዋል።

ጋሽ ታዬ መጀመሪያ አሻፈረኝ አሉ። በኋላ ግን በታክሲ መሄድ ስለናፈቃቸው ተስማሙ። እማማ ዘርፌም ተስማሙ። ግን አንድ ነገር አሉ።

"ሀብቴ ተመልሶልኝ ነው የምታረቀው?"

"እንደሱ ነው የሚባለው" አለ አቶ ፍሬው።

"ሀብቱ የተመለሰለት ሰው የተጣፈ አይለብስም። ቀሚሴ እስኪደርስ ይጠብቁ።"

ጠበቁ። የባሕር ማዶ ሰዎች ሁሉ በእማማ ዘርፌ እንዝርት ፍጥነት እንዲጠብቁ ተደረገ። በየሳምንቱ "እርቁ የት ደረሰ?" እያሉ ይጠይቃሉ፤ አቶ ፍሬው "በሂደት ላይ ነው" ይላል፤ ሂደቱም በሩ ላይ ተቀምጦ ይሾራል። ሴቶቹ እንርዳዎት ቢሏቸው እምቢ አሉ። ጋሽ ታዬ ብቻ አጠገባቸው ተቀምጠው ባዘቶውን እንዲያቀብሉ ተፈቀደላቸው። አንድ ቀን የመጨረሻዋን ልቃቂት አንስተው አሳዩኝ። "ቀደምኩት" አሉ። ጋሽ አንጁሎ በቀጭን ሰማያዊ ጥለት ሸመኑላቸው፤ ሐያት አሰፋችላቸው።

የእርቁ ቀን እማማ ዘርፌ በአዲሱ ቀሚሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ታዬ እንደ ወጉ ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቀረቡ።

"ይቅር በይኝ፣ ዘርፌ።"

"ይቅር ለእግዜር። ግን ምን አድርገኸኝ ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሰው ሁሉ በልተሃታል ይለኛል። ምናልባት ሳላውቅ በልቼሽ ይሆናል።"

"በል ድንጋዩን አውርድ፣ ወገብህን! ቀና በል!" አሉ። "ቀና በል" ካሉ ስንት ጊዜያቸው ነበር! ግቢው በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ስልኩን ይዤ እንባዬ መጣ። ፎቶው ተለጠፈ፤ ረጂዎቹም ረኩ።

ሁሉም ሲበተን እማማ ዘርፌ ከወንበሩ አልተነሱም። "አሁን ለብቻዬ" አሉኝ።

ጋሽ ታዬ ከበሩ ዞር ብለው፣ "ለብቻው የሚነሳ…" ሊሉ ሲጀምሩ፣ "ተወኝ፣ ወደዚያኛውም ለብቻዬ ነው የምሄደው" አሏቸው።

ነጠላቸውን ራሳቸው አስተካከሉ። እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። አልሳቁም፤ አላዘኑም። ቀና ብለው ካሜራውን ሳይሆን እኔን አዩኝ። አነሳኋቸው። ስልኩን ተቀብለው፣ እንዳስተማርኳቸው በሁለት ጣት እያሰፉ ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ ጥለቱን በየተራ አዩ።

"ማኅተም የለውም" አሉ። ቀጥለው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። "ይሄ ለኢንስታሽ አይደለም። ይሄ ለቀኔ ነው።"

በኋላ ሥራ ቀየርኩ። በበዓል በበዓል እጠይቃቸው ነበር። ባየኋቸው ቁጥር፣ "አለ?" ይሉኛል። "አለ" እላቸዋለሁ። ሌላ ወሬ የምንጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

እና ያን ቀን ከታክሲ ወርጄ በቀጥታ ዊንጌት ያለ ፎቶ ቤት ገባሁ። ልጁ ፎቶውን አይቶ፣ "መስመሮቹን ላጥፋላቸው? ልጅ ይመስላሉ" አለኝ። "እንዳትነካቸው!" ብዬ ጮህኩበት። በፍሬም አድርጎ ሰጠኝ፤ አቅፌው ሽሮ ሜዳ ደረስኩ።

ድንኳኑ ተተክሏል። አቶ ፍሬው ያሠራው ባነር ቀድሞኝ ደርሶ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሊታሰር ነው፤ የተጣፈችው ቀሚስ፣ የተደፋው አንገት፣ ሁሉም እንደ በር ተልቆ። እሱም ሲያለቅስ ኖሮ ዓይኑ ቀልቷል። ፍሬሙን ሰጠሁት። ትኩር ብሎ አየው።

"ይሄ መቼ ተነሳ?"

"የእርቁ ቀን። ለቀኔ ነው ብለውኝ ነው።"

ባነሩን ከሰዎቹ ተቀበላቸውና ምን እንደሚያደርገው ግራ ገባው። ሐያት መጥታ ገለበጠችው። ነጩ ጀርባው ላይ የእድሩ ሰው በቀለም "ለቅሶ ቤት" ብሎ ጽፎ፣ ቀስት ሠርቶ፣ አስፋልቱ ዳር ሰቀለው። ወደ እማማ ዘርፌ ለቅሶ የሚመጣውን ሰው ሁሉ መንገድ ሲያሳይ የዋለው እሱ ነው።

ሬሳው ሲወጣ ፎቶውን ይዘው ፊት ፊት የሄዱት ጋሽ ታዬ ናቸው። ያንን ከረባት አስረዋል። አለቀሱ፤ ወንድ ልጅ እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ከመንገድ ዳር አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ "ይኸው ወንድምየው! በልቷት ሲያበቃ አሁን ምን ያስለቅሰዋል?" ስትል ሰማን። ጋሽ ታዬም ሰሙ። እስከዚያ ቀን ድረስ በየታክሲው፣ በየሱቁ "ወንድሟ አይደለሁም!" እያሉ ሲምሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቆሙ። ፍሬሙን ከፍ፣ ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

"አዎ፣ ወንድሟ ነኝ" አሏትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከቀብር ስንመለስ አቶ ፍሬው የገጹን ይለፍ ቃል ሰጠኝና፣ "አንቺ ለጥፊው" አለኝ። ቀናቸው ስለሆነ ለጠፍኩት። ከሥሩ ስማቸውንና ማረፋቸውን ብቻ ጻፍኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከሐያት አጠገብ ተቀምጬ ንፍሮ እየቆረጠምኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የመጀመሪያው አስተያየት መጥቷል።

"ነፍስ ይማር። ቀሚሱ ስንት ነው?"

ለሐያት አሳየኋት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቋን ስታፍን እንባዋ ወረደ። እኔም እንደዚያው ሆንኩ። ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ መልስ ጻፍኩ።

"አይሸጥም። የራሳቸው ነው።"